ከጋሽ ደምሴ ጀርባ ያወረድኩት ድምፅ

ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ሲያወራ ያምርበታል። እኔ ገና ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የሚባል ነገር ማንም አልሰጠኝም። ግን ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ባለፈው ወር ትቼ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ የሚተክሉ ሰዎች ዘንድ ገብቻለሁ። ያኛው ሥራ ከእጄ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው። ቁጭ ብሎ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ የማያምር ዓረፍተ ነገር ቢገጥማችሁ እለፉት።

ሥራዬ ምን እንደነበር ከተማችን ጭሮ ውስጥ እንኳ በቅጡ የሚያውቅ ጥቂት ነው። "የሞንታርቦዋ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ሰው ድንኳን ሥር ተደርድሮ የሚያየው ትልልቅ ጥቁር ሳጥን ነው፤ የእኔ ሥራ ከሳጥኑ ጀርባ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከማይክ የሚመጣው ድምፅ አንድ ነው፤ የሚያወጡት ስፒከሮች ግን ሦስት ዓይነት ናቸው። ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ ቤዙ ይወስዳል። የሰውን ድምፅ አብዛኛውን መካከለኛው ይወስዳል። ቀጭኑን፣ ያንን "ስ" እና "ሽ" የሚሰማበትን፣ ሆርን የምንላት አፈ ሰፊዋ ትወስዳለች። ለእያንዳንዱ ድርሻውን የሚያካፍለው ክሮስኦቨር ይባላል። ድሮ ብዙ ማዞሪያ ያለው ለብቻው የሆነ ሳጥን ነበር። አሁን አምፕሊፋየሩ ራሱ ውስጥ ገብቶ በቁጥር የሚታዘዝ ሆኗል። ድንበሩን እዚህ ላይ አድርግ፣ ይሄን ቀንስ፣ ያንን ትንሽ አዘግይ፣ ከዚህ በላይ ኃይል አታሳልፍ ሲሉት እሺ ይላል። መከራውም እሺ ማለቱ ነው። ስሕተትንም እሺ ይላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ መጀመሪያ የገባሁት ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ባለቤቷ ሴትዮ ደግ ነበሩ፤ ግን በሦስተኛው ወር "ቤዛ፣ አንቺን ችሎ የሚያስቀምጥ ወንበር ገና አልተሠራም" ብለው በፈገግታ አሰናበቱኝ። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ስወጣ ቀጥሎ ካለው ሱቅ የሚወጣ ዘፈን ጆሮዬን እየበላኝ ነበርና በንዴት ዘው ብዬ ገባሁ።

"ይሄ ነገር ጆሮ ይበላል!" አልኩ።

ጠረጴዛው ጋ ጎንበስ ያሉ ሰውዬ ቀና ሳይሉ "የቱ ጋ ነው የሚበላሽ?" አሉኝ።

"ዘፋኙ 'ስ' ሲል። ሌላው ደህና ነው።"

የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረጉ። "አሁንስ?"

"ቀነሰ። ግን አሁን አፉን በጨርቅ የሸፈነ መሰለ።"

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ" አሉ። ስለ ደሞዝ ያወራነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ብዙም አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የኤሌክትሪክ ትምህርት ሲያስተምሩ ኖረው፣ ትዳር ይዘው፣ በኋላ ማስተማሩን ትተው የድምፅ ማጉያ ሱቅ ከፈቱ። ከእሳቸው ጋር ቦኬ፣ በደሳ፣ ቦርደዴ ያልረገጥኩት ሜዳ የለም። ሰርግ፣ የክትባት ቅስቀሳ፣ ጥምቀት፣ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ የመስጊድ ምሥረታ። ሾፌራችንና ጫኛችን አብዲ ነበር፤ የእኔ እኩያ፣ የበደሳ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ።

ጋሽ ደምሴ ልማድ ነበራቸው። አምፕሊፋየር ከመክፈታቸው በፊት እያንዳንዱን ገመድ በእጃቸው ይነካሉ፤ ማየት አይበቃቸውም። ሲፈትሹ ዘፈን አይከፍቱም። አብዲን ማይክ አስይዘው በኦሮምኛም በአማርኛም ከአንድ እስከ ሃያ ያስቆጥሩታል። አብዲ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሆነ ስድብ ይጨምርበታል፤ እንዳልሰሙ ያልፉታል። ከዚያ ለስፒከሩ ጀርባቸውን ይሰጡና እጃቸውን ኋላ አጣምረው ወደ ድንኳኑ መጨረሻ ይሄዳሉ። "ፊት ለፊት ቆሞ የሚሰማ ሰው በዓይኑ ነው የሚሰማው" ይሉ ነበር። የሚቆሙትም ባልቴቶቹ የሚቀመጡበት ጋ ነው።

"ለምን ሙሽሮቹ ጋ አይቆሙም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሙሽራው ዛሬ ምን ይሰማል ብለሽ ነው? እሳት አደጋ ቢጮህም አይሰማም። ባልቴቶቹ ግን ቃል በቃል ሰምተው ነገ ለመንደሩ ይደግሙታል።"

ቁጥሮቹንም ያስተማሩኝ እንዲሁ ነበር፤ በምሳሌ ሳይሆን በመንካት። ድንበሩን ከልክ በታች አውርደው ወፍራም ድምፅ ወደ ሆርኗ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማሳየት አንዷን አሮጌ ሆርን ሆን ብለው አቃጠሉልኝ። ከፍተው ውስጧን አሳዩኝ፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የማይወፍር ስስ ሽፋን፣ ዙሪያው ላይ ፀጉር የመሰለ ሽቦ። ሽቦው ጠቁሯል። "አሽቺው" አሉኝ። አሸተትኩት። "ይሄን ሽታ ሰርግ ላይ እንዳታሸቺው።" ሦስት ነጥብ፣ ዴሲቤል የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ከፍ ያለ ድምፅ እጥፍ ኃይል እንደሚበላ፣ ስድስት ነጥብ አራት እጥፍ፣ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት እጥፍ እንደሚሆን የገባኝ ከዚያ ሽታ ነው፤ ከደብተር አይደለም።

ቦርደዴ ሙቀቱ አምፕሊፋየሩን ያስጨንቀዋል፤ እዚያ ስንሄድ ኃይሉን ቀድመን እንገድብ ነበር። ጭሮ ደግሞ ተራራው ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ አፉን ወደ ተራራው ያዞረ ስፒከር ሁለት ጊዜ ነው የሚናገር። አንድ ሸህ መስጊዳቸው አጠገብ ስሠራ መጥተው "ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ አዛኑን አታስጩሂው፤ ጣፋጭ አድርጊው" ብለውኛል። ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። ወጥተው ሰምተው "አብሺር" አሉኝ፤ ጎበዝ እንደማለት ነው፤ ያቺን ቃል ዛሬም ከደሞዜ በላይ አስታውሳታለሁ።

በሰባተኛው ዓመት ግን አንድ ነገር መጣ። የጋሽ ደምሴ ድምፅ እየሾለ ሄደ። የጉሮሯቸውን አይደለም የምለው፤ የሚያስተካክሉትን ነው። ከአራት ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭኑን ድምፅ በየሥራው ትንሽ ትንሽ ከፍ ያደርጉታል። መጀመሪያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት። ፊት የተቀመጡ ሴቶች ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሲጎትቱ አየሁ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ባትሪ ሲያልቅ ሲጥ ሲጥ የምትል መሣሪያ ነበረችን፤ እኔን ስታሳብደኝ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

"ኦቦ ደምሴ ዛሬ ድምፅ አይደለም የረጩት፤ መርፌ ነው" አለኝ አብዲ አንድ ቀን ዕቃ ስንጭን። "ንገሪያቸዋ። አንቺ ደግሞ ማንን ታፍሪያለሽ?"

ማንንም። የቀበሌ ሊቀመንበር ማይክ ሲበላ "ከአፍዎ ያርቁት" ብዬ በሕዝብ ፊት የተናገርኩ ሰው ነኝ። ለጋሽ ደምሴ ግን አፌ ተያዘ። ለአናጢ እጅህ ተንቀጠቀጠ እንደማለት ነው። ሰውዬው ከጆሮ በስተቀር ምን ነበራቸው?

ስለዚህ ሳልናገር ማረም ጀመርኩ። እሳቸው አስተካክለው፣ በአምፕሊፋየሩ ላይ ሴቭ አድርገው፣ ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ እኔ አምፕሊፋየሩ የሚታዘዝበትን ላፕቶፕ ከፍቼ የጨመሩትን ሁሉ አወርዳለሁ። እኔ ያወረድኩትን ግን ሴቭ አላደርገውም። ሴቭ ካደረግኩት በሚቀጥለው ሥራ ሲከፍቱ ቁጥሩን ያዩታላ! ስለዚህ የእኔ እርማት ማሽኑ በርቶ እስካለ ብቻ የሚኖር፣ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበር። በልቤ ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን፤ እሳቸው ሲያወጡ፣ እኔ ሳወርድ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር፣ እሳቸው ልዩነቱን ይሰማሉ። ሙሉ በሙሉ የማይሰማ ሰው አልነበሩም። ምሳ በልተው ሲመለሱ "ይሄ ነገር ደግሞ ጨለመብኝ" ይሉና ማይኩ መጀመሪያ የሚሰካበት ሚክሰር ላይ ይጨምራሉ። እኔ አምፕሊፋየሩ ላይ የቀነስኩትን እሳቸው ሚክሰሩ ላይ ይመልሱታል። በደሳ ላይ ሆርኖቹ የተቃጠሉት በዚህ ነው።

ሰርጉ የኦቦ ጅብሪል ልጅ ሰርግ ነበር። ኦቦ ጅብሪል በበደሳ የታወቁ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ከሰባት መንደር ሰው ጠርተዋል። ከምሳ በኋላ፣ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንድ በጣም ያረጁ ሽማግሌ ሙሽሮቹን ሊመርቁ ማይክ ያዙ። የእሳቸው ኤባ፣ ምርቃታቸው ማለት ነው፣ ይደርሳል ይባላል፤ ሰዉ እጁን ዘርግቶ "አሚን" እያለ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ጋሽ ደምሴ የጨመሩት ዘጠኝ ነጥብ ነበር፤ እኔ አውርጄዋለሁ። ሚክሰሩ ላይ ደግሞ እሳቸው ዘጠኝ ጨምረዋል። ሲደመር ሲቀነስ ያው የእሳቸው ዘጠኝ ነው፤ ይሾላል እንጂ ይቻላል።

መብራት ሄደ።

ሽማግሌው ያለ ማይክ ቀጠሉ። አብዲ ሮጦ ጄኔሬተሩን ቀሰቀሰ። አምፕሊፋየሩ ነቃ። የኛ አምፕሊፋየር ሲነቃ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ንክኪ አይደለም፤ ሴቭ የተደረገውን ነው። ሴቭ የተደረገው የጋሽ ደምሴ ዘጠኝ ነጥብ ነው። ሚክሰሩ ላይ ሌላ ዘጠኝ ተቀምጧል። ሽማግሌው ማይኩን እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉ።

የወጣውን ድምፅ መግለጽ አልችልም። ጩኸት አይደለም፤ የብርጭቆ ስብርባሪ ነው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ማይኩን ጣሉት። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉት። እኔ ወደ ላፕቶፑ ስዘል አራቱም ሆርኖች ተከታትለው ጠፉ። ከዚያ ያ ሽታ መጣ። የቀረው ሰርግ በቤዝና በመካከለኛው አለቀ፤ ሰው ሲናገር በጋን ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስል ነበር። ሽማግሌው ደግሞ ማይክ አልነካም አሉ፤ ምርቃቱ ተቆርጦ ቀረ።

ኦቦ ጅብሪል መጥተው ከጋሽ ደምሴ ፊት ቆሙ። አልጮኹም። "ኦቦ ደምሴ፣ አርጅተዋል፤ ሰው ሲያረጅ ቤቱ ይቀመጣል" አሉ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ" አሉ።

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ምንም አላልኩም።

ያን ሳምንት ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቦኬ ደረሰ። ሁለት ሰርግ ተሰረዘ። ጋሽ ደምሴ ሱቅ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ የተቃጠሉትን ሆርኖች እየከፈቱ፣ ገመዱን እየለኩ፣ ምክንያቱን ሲፈልጉ ዋሉ። ሊያገኙት አይችሉማ፤ ምክንያቱ የነበረው እኔ ውስጥ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስገባ አምፕሊፋየሮቹን እየጠረጉ አገኘኋቸው።

"ለድሬዳዋው ነጋዴ ደውያለሁ" አሉኝ። "ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ማሽኑ አላመነኝም፣ እኔም አላመንኩትም። በቃኝ።"

"ማሽኑ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ። እርስዎም ነዎት።" እንዲህ ነው ያልኩት፤ ለስላሳ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ማውረዴን፣ ሴቭ አለማድረጌን፣ አንድ ዓመት መሆኑን። "ቀጭኑን ድምፅ ስለማይሰሙት ነው የሚጨምሩት። ጆሮዎ ሄዷል፣ ጋሽ ደምሴ።"

መጥረጊያውን ጨርቅ አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "አንቺ ነሽ ጆሮዬን የምትመዝኚው?"

"መዝኚኝ ካሉ።"

"መዝኚኝ!" አሉ። ያን ያህል ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለስፒከሩ ሰጥተው ተቀመጡ። "ስሰማ እጄን አነሣለሁ። ሲጠፋ አወርዳለሁ። እንዳታታልዪኝ።"

አምፕሊፋየሩ ራሱ ንጹሕ ፉጨት ማውጣት ይችላል፤ ቁጥሩን እየጨመርኩ ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። አንድ ሺህ፤ እጃቸው ከፍ ብሏል። ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ። አራት ሺህ ላይ እጃቸው ትንሽ ዘግይቶ ተነሣ። አምስት ሺህ ላይ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ስድስት ሺህ ላይ ወረደ። ማቆም እችል ነበር፤ አላቆምኩም። ሰባት፣ ስምንት። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ያ ፉጨት ጥርሴ ውስጥ ይገባል፤ እሳቸው ግን በመስኮቱ መንገዱን እያዩ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ቀጣዩን ገና የምጀምር መስሏቸዋል።

በዚህ መሀል ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ምሳ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ኧረ አጥፉት ይሄን ፉጨት! ጎረቤቱን ልታሳብዱ ነው እንዴ?" ብለው አንድ ጆሯቸውን በትከሻቸው ደፈኑ።

ጋሽ ደምሴ ዞሩ። "የምን ፉጨት?"

እትዬ አስቴር ሊስቁ ነበር፤ የእኔን ፊት አይተው ተዉት። አጠፋሁት። ጋሽ ደምሴ አንዴ ስፒከሩን፣ አንዴ እኔን አዩ። "ስንት ላይ ነበርሽ?" አሉ።

"ስምንት ሺህ።"

"እኔስ የት ቀረሁ?"

"አምስት ላይ።"

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ተማሪ ፈተናውን ሲቀበል እንደሚነቀንቀው። ምሳውን ሳይነኩት ወጡ።

በማግስቱ አብዲን ለምኜ በደሳ ሄድኩ። ኦቦ ጅብሪል ቡና የሚያስለቅሙበት መጋዘን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ሆርኖቹን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ጋሽ ደምሴ ያስተካከሉትን ተደብቄ ቀየርኩት፤ መብራት ሲሄድ ተበላሸ።" የጆሯቸውን ነገር አልተናገርኩም፤ እሱ የእሳቸው ነው፤ ከፈለጉ ይናገሩት።

ኦቦ ጅብሪል ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ይሄን ልትነግሪኝ ከጭሮ መጣሽ?"

"አዎ።"

"ወላሂ፣ የኔ ልጆች የሰበሩትን ብርጭቆ ከአልጋ ሥር ነው የሚደብቁት።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሚስቴ ግን አልቅሳለች፤ ታውቂያለሽ? ምርቃቱ ተቆረጠ፣ ለልጆቹ ክፉ ነው ብላ። ሽማግሌውን በማግስቱ ቤት ድረስ አመጣን። ያለ ማይክ። ጨረሱት።"

"ደስ ብሎኛል።"

"አንቺ ደስ ይበልሽ፤ እኔ ለኦቦ ደምሴ ያልኩት ቃል ያሳፍረኛል።" አብዲን ጠርተው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት፤ አብዲ ሳቀ። መኪና ውስጥ "ምን አሉህ?" ስለው "የወንድማቸው ልጅ ቦርደዴ ላይ ሊያገባ ነው፤ ድምፁን ሽማግሌያችሁ ይያዙት፤ ቀይዋ ግን ከላፕቶፑ ትራቅ አሉ" አለኝ። ቀይ አይደለሁም። የተናደድኩት በዚያ ነው።

ጋሽ ደምሴ ሱቁን የከፈቱት በሳምንቱ ነው። የድሬዳዋውን ነጋዴ አትምጣ ብለውታል። የቦርደዴውን ነገር ስነግራቸው "እኔ ብቻዬን አስተካክዬ፣ የሰው ጆሮ ሳልወጋ ከጨረስኩ እቀጥላለሁ። ካልሆነ ያን ጊዜ እሸጣለሁ" አሉ። የፓምፑ ሥራ ለእኔ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከቦርደዴ በኋላ እገባለሁ ብዬ ፓምፕ ተካዮቹን ቀጠርኳቸው። ጋሽ ደምሴን ያለ ጆሮ ትቼ የምሄድ ሰው አይደለሁም።

ድምፅ የሚለካ ማይክ አለ፤ የሰማውን ላፕቶፑ ላይ መስመር አድርጎ ያሳያል። ጋሽ ደምሴ ለዓመታት "የደንቆሮ ምርኩዝ" እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ገዛነው። ሁለት ወር አስተማርኳቸው። መምህር የነበረ ሰው መጥፎ ተማሪ ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ የማይሉት ነገር የለም። መስመሩ ቀጥ ማለት እንደሌለበት፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድ እንደ ረጋ ቁልቁለት መውረድ እንዳለበት ነገርኳቸው። "ለምን?" ብለው ሁለት ቀን ተከራከሩኝ። በሦስተኛው ቀን ከእኔ የተሻለ ምክንያት ይዘው መጡ። አንድ አዲስ ልማድም ጨመሩ፤ አስተካክለው ሴቭ ካደረጉ በኋላ ማሽኑን አጥፍተው ያበሩታል፤ ቁጥሩ እንዳለ መሆኑን አይተው ነው የሚቀመጡት። "ያልተቀመጠ እርማት ውሸት ነው" ይሉኛል እያዩኝ። እቀበላለሁ፤ ይገባኛልና።

ቦርደዴ የሄድን ቀን ሙቀቱ ያቀልጣል። ላፕቶፑን አልነካሁም፤ አብዲም "እጅሽን ኪስሽ ክተቺ፣ ቀይዋ" እያለ ይጠብቀኛል። ጋሽ ደምሴ ገመዱን አንድ በአንድ ነኩ። ለሙቀቱ ኃይሉን ቀድመው ገደቡ። አብዲን አስቆጠሩት። ከዚያ እኔ ያላስተማርኳቸውን አደረጉ፤ የመለኪያውን ማይክ መድረኩ ፊት ማቆም ሲገባቸው ተሸክመውት ወደ ድንኳኑ መጨረሻ ሄዱ፤ ባልቴቶቹ የሚቀመጡበት ምንጣፍ ጫፍ ላይ ተከሉት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ መስመሩን አዩ፣ ቀጭኑን ድምፅ አንድ ነጥብ ቀነሱ። እንደገና አዩ። ሌላ አንድ ቀነሱ። ሴቭ። ማጥፋት። ማብራት።

"እ?" አሉኝ።

እውነት መናገር አለብኝ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። "ደብዝዟል። ሁለት ነጥብ ይጎድለዋል።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"አንቺ ሰኞ ፓምፕ ልትተክዪ ትሄጃለሽ" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። "እዚህ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። አልነካውም።"

"ተሳስተዋል።"

"ሊሆን ይችላል።" ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ አልነኩትም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነበር የምንጨቃጨቀው፤ ያለፈው አንድ ዓመት ብቻ ነበር ያልተጨቃጨቅነው።

ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ ማይክ ያዙ። እዚህም ኤባ ነው። አርፋ ቁጭ የማትል ሰው ነኝና መሳሳታቸውን ላረጋግጥ ተነሣሁ፤ በድንኳኑ ጎን ዞሬ መጨረሻው ምንጣፍ ድረስ ሄድኩ። እጃቸውን ዘርግተው ከተቀመጡት ውስጥ ከሁሉ ያረጁት አጠገብ ተንበረከኩና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "እናቴ፣ ከዚህ ሆነው ቃሉ ይሰማዎታል?" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከሽማግሌው ሳያነሡ ክንዴን መታ አደረጉኝ።

"ጨሊሲ!" አሉ። "ዝም በይ እስቲ፣ እየሰማሁ ነው!"

ዝም አልኩ።